ሲጫኗት ብልጭ የምትል ጠጠር

መስቀል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ ምድር የሚወርደው መኪና ጭነቱ ብዙ ነው። ከመርካቶ ተገዝቶ እንሰት ወደከበባት ጉንችሬ ከሚገባው ጓዝ ውስጥ ሁለት ተራ ዕቃዎች ለዚህ ምዕራፍ ይፈለጋሉ፦ በባትሪ የሚሠራ የግድግዳ ሰዓትና ሲጫኑት ቀጭ ብሎ የሚበራ የጋዝ ላይተር። ሰዓቱ ከሳሎኑ ግድግዳ ይሰቀላል፣ ላይተሩ ጓዳ ይገባል። በሁለቱም ሆድ ውስጥ ግን አንዳንድ ትንሽ ጠጠር አለች። የላይተሩ ጠጠር ሲመቷት ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። የሰዓቱ ጠጠር ደግሞ በተቃራኒው ኤሌክትሪክ ሲሰጧት ትንቀጠቀጣለች።

ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ የረቀቀውን እንቅስቃሴ የሚፈጥሩት መሣሪያዎች የእነዚህ ጠጠሮች የቅርብ ዘመዶች ናቸው። አንዲትን መርፌ ከአንድ አቶም ወደ ጎረቤቱ አቶም የሚያሻግር፣ ሲታዘዝም እዚያው ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ሞተር የተገኘው ከጥርስና ከመዘውር ሳይሆን ከእንዲህ ያለች ጠጠር ነው። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከላይተሩ እንጀምር። ጥርስ ያላት ጎማ የሚሽከረከርበትን አሮጌውን ዓይነት ሳይሆን ቀጭ የሚለውን ነው የምንመለከተው። ቁልፉን ቀስ ብሎ ለሚጫን ሰው ነገሩ ይገለጥለታል። አውራ ጣት መጀመሪያ የሚታገለው ከሞላ ጋር ነው። ሞላው እየተጨመቀ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከወረደ በኋላ መያዣው በድንገት ይለቅና ውስጥ ያለችው ትንሽ መዶሻ ተስፈንጥራ አንዲት ሲሊንደር መሰል ጠጠር አናቷን ትመታታለች። ቀጭ የሚለው ድምፅ ይህ ነው። በዚያች ቅጽበት በጠጠሯ ሁለት ጫፎች መካከል በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈጠራል። የቤታችን መብራት 220 ቮልት መሆኑን ያስታውሷል። ይህ ኃይል በቀጭን ሽቦ ወደ ጋዙ አፍ ይደርስና ሰማያዊ ብልጭታ ሆኖ ይዘላል። የሚፈሰው የኤሌክትሪክ መጠን እጅግ ጥቂት፣ ጊዜውም ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ስለሆነ ጣት ቢነካው ቆንጠጥ ከማድረግ አያልፍም። ባትሪም የለው፣ ቻርጅም አይፈልግ። ብልጭታው የመጣው ከሰው አውራ ጣት ጉልበት ነው።

ይህን ባሕርይ በ1880 በቤተ ሙከራ ያረጋገጡት ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ናቸው፤ ዣክ ኩሪና ፒየር ኩሪ። ፒየር ያኔ ገና የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበር። ኳርትዝን፣ ቱርማሊንን፣ ቶፓዝን፣ ሌላው ቀርቶ ለሻይ የምንጨምረውን የሸንኮራ ስኳር ክሪስታል ሳይቀር እየጨመቁ በገጻቸው ላይ የኤሌክትሪክ ሙል እንደሚፈጠር ለኩ። ባሕርዩ ፒኤዞኤሌክትሪክ ተባለ፤ ፒኤዞ የሚለው ቃል መጫን ከሚል የግሪክ ግሥ የወጣ ነው። ግኝቱ ቤት ውስጥም ብድሩን መለሰ። ከዓመታት በኋላ የፒየር ባለቤት ማሪ ኩሪ የዩራኒየምን ጨረር ስትመረምር ደካማዋን የኤሌክትሪክ ፍሰት የለካችው ክብደት በተንጠለጠለበት የኳርትዝ ስስ ቁራጭ ነበር። በ1898 ፖሎኒየምና ራዲየም ወደ ዓለም የመጡት በዚያች ድንጋይ እየተመዘኑ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለመሆኑ ድንጋይ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ ከየት ያመጣል? የጉራጌን ጎጆ ያየ ሰው መልሱን ለመያዝ አይቸገርም። ጎጆው ክብ ነው፤ ምሰሶው መሐል ላይ ቆሟል፤ ከየትኛውም ወገን ቢያዩት ፊትና ኋላው እኩል ነው። የብዙ ክሪስታሎች የአቶም አሰላለፍም እንዲሁ እኩል መሐል አለው። ቢጨመቁ በአንድ ወገን የሚገፋው በሌላው ወገን ከሚገፋው ጋር ይተካከላል፤ የአዎንታዊውና የአሉታዊው ሙል መሐል አይለያይም። ኳርትዝ ግን እንዲህ ያለ ምሰሶ የለውም። አሰላለፉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስለሆነ ሲጨመቅ አዎንታዊዎቹ ወደ አንዱ፣ አሉታዊዎቹ ወደ ሌላው ገጽ ትንሽ ሸርተት ይላሉ። ያቺ መንሸራተት ናት ቮልት የምትሆነው።

ወሳኙ አሰላለፉ እንጂ ንጥረ ነገሩ እንዳልሆነ ለማየት ወሎ ድረስ መሄድ ይበቃል። ዝነኛው የደላንታ ኦፓልና ኳርትዝ ሁለቱም መሠረታቸው ሲሊካ ነው። ኦፓሉ ግን አቶሞቹ በሥርዓት የተሰለፉ ክሪስታል አይደለም፤ ውኃ ያዘሉ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች ክምችት ነው። ብርሃን ሲያርፍበት በቀለም ይጫወታል፤ ሲጨመቅ ግን እንደ ኳርትዝ ኤሌክትሪክ አይሰጥም።

ከኩሪዎቹ ግኝት በቀጣዩ ዓመት፣ በ1881፣ ጋብርኤል ሊፕማን የተባለ ሳይንቲስት በሒሳብ ብቻ ተነሥቶ ነገሩ ወደ ኋላም መሥራት እንዳለበት ተናገረ፤ ተጨምቆ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ክሪስታል፣ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ቅርጹን መለወጥ አለበት። ኩሪዎቹ ወዲያው ሞክረው እውነት ሆኖ አገኙት። የሳሎኑ ሰዓት የሚሠራው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። በውስጡ ያለችው ሹካ መሰል ኳርትዝ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። ሰርኪዩቱ ይህን ቁጥር ደጋግሞ ለሁለት ያካፍለዋል፤ አሥራ አምስት ጊዜ ሲያካፍለው በሰከንድ አንድ ምት ይቀራል። ሲኮ ይህን ጥበብ በእጅ ሰዓት አድርጎ ለገበያ ያቀረበው በታኅሣሥ 1969 ነበር። ጉንችሬ ውስጥ ሰዓት ተመልክቶ ወደ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ቀጠሮው የተቀጠረው በኳርትዝ ርግብግቢት ነው።

እስካሁን የተነገረው መንቀጥቀጥ ነው። ቁም ነገሩ ግን መንቀጥቀጡን ትቶ ማቆሙ ላይ ነው፤ በተፈለገው ቦታ፣ በናኖሜትር ልክ ማቆሙ።

ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አፍ ላይ ይቀልላል፣ ልብ ላይ ግን አይቀመጥም። አባቶች በክንድ፣ በስንዝርና በጋት ሲለኩ ኖረዋል፤ ተማሪ ደግሞ በደብተሩ መካከል የሚይዛት የ15 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ አለችው። ያችን ማስመሪያ እንደ ላስቲክ ጎትተን ከአዲስ አበባ እስከ ወልቂጤ አካባቢ እናድርሳት፤ 150 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በማስመሪያው ላይ ሚሊ ሜትር የነበረው ጭረት አሁን ከቀጣዩ ጭረት አንድ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ናኖሜትሩስ? እሱ ገና አንድ ሚሊ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወልቂጤ ሲደርስ ለአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ሳይስት የሚቆም መኪና ማሰብ ይቻላል? ናኖሜትርን በትክክል ማዘዝ ማለት ይህን ያህል ነው።

በብሎን ይህ አይሆንም። ቶርኖ ቤት የሠራ ሰው ምክንያቱን በእጁ ያውቀዋል። ጥሩ የመለኪያ ብሎን በአንድ ዙር ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሄዳል። አንድ ናኖሜትር ለማስኬድ ብሎኑን የዙሩን አምስት መቶ ሺህኛ ማዞር ያስፈልጋል። እጅ ይህን አይችልም፤ ሞተር ቢገጠምለትም ሰበቃ አለ። ብረት በብረት ላይ ሲሄድ ይያዛል፣ ይያዛል፣ ከዚያ በድንገት ይዘላል። አቅጣጫ ሲቀየር ደግሞ የጥርሱ ልልነት እስኪሞላ ድረስ ባዶ ይዞራል። ሙቀቱም አለ። አሥር ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ዘንግ በአንድ ዲግሪ ሙቀት ብቻ ወደ 1,200 ናኖሜትር ይረዝማል። አጠገቡ የቆመ ሰው ትንፋሽ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

የጠጠሯ መንገድ ሌላ ነው። የሚዞር የለም፣ የሚሰበቅ የለም፤ አካሏ ራሱ ያብጣል። ለዚህ ሥራ ኳርትዝ ቸልተኛ ነው፤ በአንድ ቮልት የሚነቃነቀው ከናኖሜትር አንድ ሺህ ክፍሎች ሁለቱ ገደማ ነው። በ1950ዎቹ የተገኘው ሴራሚክ ግን በመቶ እጥፍ ይበልጠዋል። ከእርሳስ፣ ከዚርኮኒየምና ከቲታኒየም ኦክሳይዶች ይዘጋጃል፤ በእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላቱ ፒዜድቲ ይሉታል። አሠራሩ ከሸክላ ሠሪ ሥራ ብዙም አይርቅም፦ ዱቄቱ ይለነቀጣል፣ ቅርጽ ይይዛል፣ በብርቱ እሳት ይተኮሳል። ከምድጃው ሲወጣ ግን ገና ደንዝዞ ነው፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች እያንዳንዳቸው ወደ የፊናቸው ያዩ ስለሆነ አንዱ የሌላውን ያጠፋዋል። ስለዚህ ሞቅ እያለ ከፍተኛ ቮልት ይለቀቅበትና ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲመልሱ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ታዛዥ ነው። ከልክ በላይ ቢያሞቁት ግን የተማረውን ይረሳል፤ ያቺ የመርሳት ሙቀት እስከ ዛሬ በፒየር ኩሪ ስም ትጠራለች።

የዚህ ሴራሚክ አንድ ስስ ቁራጭ በአንድ ቮልት የሚያብጠው ግማሽ ናኖሜትር ገደማ ነው። ግማሽ ናኖሜትር ሁለት አቶሞችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ማለት ነው። ስለዚህ ቮልቱን በሺህኛ እያከፋፈለ መስጠት የሚችል ማንኛውም ጥሩ ሰርኪዩት፣ ርቀትንም አብሮ ከአቶም በታች ማከፋፈል ይችላል። ሐሳቡ ከዚህ የበለጠ ውስብስብ አይደለም፤ ውበቱም እዚህ ላይ ነው። ርቀቱ ያንሳል ለሚል መሐንዲስ መፍትሔው መደራረብ ነው። የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ውፍረት ያላቸው ሁለት መቶ ቁራጮች እንደ እንጀራ ተደራርበው ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲሆኑና መቶ ቮልት ሲሰጣቸው፣ አሥር ሺህ ናኖሜትር ያህል ይገፋሉ። ይህ ከፀጉር ውፍረት ያንሳል። ጉልበታቸው ግን ከባድ ክብደት ያነሣል።

ጠጠሯ ግን ነውር የላትም ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ አምራቾች በማስታወቂያቸው ቶሎ የሚያልፉትን ነገር ጠንከር አድርጎ መናገር ይገባል። ፒዜድቲ የጠፍር አልጋ ጠባይ አለው። አዲስ የተጠፈረ አልጋ ላይ የተኛ ሰው መጀመሪያ ወረድ ይላል፤ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ጠፍሩ ቀስ እያለ ይረግባል፤ ጠዋት ሲነሣም ጠፍሩ ወዲያው ወደ ነበረበት አይመለስም። ሴራሚኩም መቶ ቮልት ሲሰጡት አብጦ፣ ቮልቱን ሲቀንሱለት በሄደበት መንገድ አይመለስም፤ ልዩነቱ ከጠቅላላ ጉዞው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ይደርሳል። ቆሟል ሲሉትም ለደቂቃዎች በዝግታ መንሸራተቱን ይቀጥላል። በናኖሜትር ሥራ ይህ ትልቅ ስህተት ነው።

መድኃኒቱን ወልቂጤ መናኸሪያ ሄዶ ማየት ይቻላል። ሹፌሩ አውቶቡሱን ወደ ኋላ ሲያስገባ ኋላውን አያይም። የሚያይለት ረዳቱ ነው፦ «ና፣ ና፣ ና… ትንሽ… በቃ!» የሹፌሩ መሪ ልልም ቢሆን፣ ፍሬኑ ቢዘገይም፣ የሚያይና የሚናገር ሰው እስካለ ድረስ መኪናው ቦታውን ይይዛል። ነገሮችን በናኖሜትር ልክ በሚያቆመው መሣሪያ፣ በናኖ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ረዳቱ ሁለት ፊት ለፊት የቆሙ የብረት ገጾች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሲጠብና ሲሰፋ የሚይዙት የኤሌክትሪክ ሙል ይለወጣል፤ ይህን ለውጥ የሚለካው ሰርኪዩት በሰከንድ በሺዎች ጊዜ «ጨምር፣ ቀንስ» እያለ ቮልቱን ያርማል። ትክክለኛነቱ ያለው ከጠጠሯ ይልቅ በዚህ ንግግር ውስጥ ነው።

ጠጠሯ የምትገፋው የመሣሪያው ጠረጴዛም በማንሸራተቻ ላይ አይቀመጥም፤ ሰበቃው ተመልሶ ይመጣልና። ከአንድ ወጥ ብረት ተቀርጾ በማዕዘኖቹ ላይ እንደ ወረቀት የሳሱ አንገቶች ይተዉለታል። ጠረጴዛው የሚንቀሳቀሰው እነዚያ አንገቶች ትንሽ ሲታጠፉ ነው። ዘይት አይፈልግም፣ አይላላም።

ይህ ጥበብ ዓለምን ያስደነቀው በ1981 በስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ አጠገብ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ነው። ጌርድ ቢኒሽና ሃይንሪሽ ሮሬር አቶምን የሚዳስስ ማይክሮስኮፕ ይዘው ተነሡ። መሣሪያው ሌንስ የለውም። ጫፏ እጅግ የሾለ የብረት መርፌ ብቻ ናት፤ ከሚታየው ነገር ገጽ በላይ ከአንድ ናኖሜትር ባነሰ ከፍታ ሳትነካ ትንሳፈፋለች። በዚያ ርቀት ኤሌክትሮኖች ክፍተቱን ሾልከው ያልፋሉ። መርፌዋ በናኖሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ከፍ ብትል ፍሰቱ ወደ አሥረኛው ይወድቃል። ሦስት የፒኤዞ ዘንጎች መርፌዋን ወደ ጎን፣ ወደ ፊትና ወደ ላይ ያንቀሳቅሷታል። ፍሰቱ ሲጨምር ዘንጉ አጥሮ ያነሣታል፤ ሲቀንስ ረዝሞ ያወርዳታል። የዓይነ ስውር ጣት ፊደል ላይ እንደሚሄድ፣ መርፌዋ አቶሞቹን እየዳሰሰች ታልፋለች፤ የሄደችበት ከፍታና ዝቅታ ምስል ይሆናል።

አንድ ችግር ግን ነበር። ዘንጎቹ ጥቂት ሺህ ናኖሜትር ብቻ ነው የሚሄዱት፤ ናሙናውን ከሩቅ አምጥቶ እዚያ ክልል ውስጥ የሚያስገባ ማን ነው? ለዚህ የሠሯትን ትንሽ መሣሪያ ቅማል ብለው ጠሯት። ሦስት እግሮች አሏት፤ አንዱን እግር በኤሌክትሪክ ኃይል ወለሉ ላይ አጣብቃ፣ የፒኤዞ ሰውነቷን ዘርግታ፣ ሌላውን እግር አጣብቃ፣ የመጀመሪያውን ለቅቃ ሰውነቷን ትሰበስባለች። እንዲህ እየተራመደች ናሙናውን ተሸክማ መርፌዋ ሥር ታደርሳለች። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ1986 የፊዚክስ ኖቤል ሲሸለሙ ግማሹ ክብር የዚያች ቅማልና የእነዚያ ዘንጎች ነበር።

ፍርድ ለመስጠት ያህል አንድ ስም መነሣት አለበት። አሜሪካዊው ራስል ያንግ በ1970ዎቹ መጀመሪያ መርፌን በፒኤዞ ዘንጎች እየነዳ ገጽ የሚዳስስ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። እስከ አቶም አላደረሰውም፤ መንገዱን ግን የጠረገው እሱ ነው። የኖቤል ሸላሚዎቹም ይህን አልሸሸጉም።

ከመዳሰስ ወደ ማንቀሳቀስ የተሻገረው የአይቢኤሙ ተመራማሪ ዶን አይግለር ነው። በ1989 በካሊፎርኒያ፣ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በቀዘቀዘ ኒኬል ላይ 35 የዜኖን አቶሞችን አንድ በአንድ በመርፌዋ እየጎተተ የድርጅቱን ስም ሦስት ፊደሎች ጻፈ።

ጥበቡ በአቶም ጸሐፊዎች እጅ ብቻ አልቀረም። በ1998 የጃፓኑ ሳይንቲስት ዋካያማና ባልደረቦቹ በክሎኒንግ አይጥ ሲያስወልዱ፣ የአይጥን እንቁላል ሳይቀድዱ ለመብሳት የረዳቸው በፒኤዞ ምት የምትገፋ የመስተዋት መርፌ ነበረች። በአንዳንድ የናፍጣ ሞተሮች ውስጥ ነዳጅ የሚረጨውን ቫልቭ የሚከፍተውና የሚዘጋው እንዲህ ያለ የተደራረበ ሴራሚክ ነው። ለጉራጌ እናቶች ደግሞ ከሁሉ የቀረበው አልትራሳውንድ ነው።  በየትኛውም ሆስፒታል ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ የምታርፈው የአልትራሳውንድ ራስ ውስጥ የፒኤዞ ቁራጮች ተደርድረዋል። በሰከንድ ሚሊዮኖች ጊዜ በአሥር ናኖሜትሮች የሚቆጠር ርግብግቢት ያደርጋሉ፤ ድምፁ ከሕፃኑ አካል ነጥሮ ሲመለስ ደግሞ እነዚያው ቁራጮች ተጨምቀው ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል። የሚናገረውም የሚሰማውም ያው አንድ ጠጠር ነው።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ለጉንችሬና ለወልቂጤ ተማሪ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ መቅረት የለበትም። ለፋብሪካ የሚሠራው ናኖ ማስቀመጫ ውድ ነው። በሩ ግን ርካሽ ነው። ጢጢጢ የሚል የማንቂያ ሰዓት ወይም የሚዘፍን መጫወቻ ሲበላሽ ከውስጡ የሳንቲም መጠን ያላት የነሐስ ዝርግ ትወጣለች፤ መሐሏ ላይ ነጭ ሴራሚክ ተለጥፎባታል። ያ ሴራሚክ የፒዜድቲ ዘመድ ነው። በሌላው ዓለም ተማሪዎችና በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች የዚህችን ዝርግ የብር ሽፋን በምላጭ ለአራት ከፍለው፣ ለእያንዳንዱ ሩብ የራሱን ቮልት በመስጠት መርፌን ወደ ሦስቱም አቅጣጫ አንቀሳቅሰዋል፤ የግራፋይትንም አቶሞች አይተውባታል። የፊዚክስ መምህራን ከቆሻሻ ቅርጫት አድነው ወደ ክፍል ይዘዋት ይግቡ። ሁለት ሽቦ በጥንቃቄ ይበየድባትና ከቮልት መለኪያ ጋር ትያያዝ፤ በጣት ጫፍ ሲነኳት የመለኪያው ቁጥር ይዘላል። ከዚያ መለኪያው ተነሥቶ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይገናኛት፣ ዝርጓም ጆሮ አጠገብ ትያዝ። ሽቦው ባትሪውን በነካ ቁጥር የምትሰማው ቀጭን ጢቅታ ሴራሚኩ አብጦ ነሐሱን ሲያጥፈው የሚወጣ ድምፅ ነው።